የአባባ ስንዝር

ሰኞ፣ ሰኔ 5፣ 2009

የአባባ መሥሪያ ቤት ሰዎች ባጃጁ ላይ «ተንቀሳቃሽ ቢሮ» ብለው ጻፉበት። ቆሰበር ከተማ ያለ ሰው ሁሉ እያነበበ ይስቃል። ውስጡ ያለነው አንድ ጣውላ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ታብሌቱና እኔ ነን።

አባባ የከተማው ግንባታ ተቆጣጣሪ ነው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረቱን አይቶ ያሳልፋል። እስከ ዛሬ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ስንቱን ደብተር ዝናብ በላው። አሁን በታብሌት ሆነ። ጣቱ ግን ወፍራም ነው፤ አንድ ፊደል ሲነካ ሦስት ይመጣል። እስኪለምድ እኔ እንድጽፍለት ተፈቀደ። ከሰባተኛ ካቋረጥኩ ወዲህ ከቤት ውጭ ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 6

ዛሬ የቻልኩት፦
ታብሌቱን በፌስታል መጠቅለል። በላዩ ሲነኩት ይሠራል፣ ዝናብም አይገባውም። አባባ ለሰው ሁሉ አሳየ።
የባለቤቷን ስም መጠየቅ። ሁለቴ፣ ድምፄ አልሰማ ስላለ።

ዛሬ ያየነው ቤት የእትዬ ዘነቡ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ። አባባ የቋሚዎቹን ስታፋ አየ። ስታፋ ማለት ረጃጅሙን ብረት ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ከሃያ ሳንቲ መብለጥ የለበትም። አባባ አውራ ጣቱን አንዱ ላይ፣ ትንሿን ሌላው ላይ ያደርጋል። «ስንዝር። ሃያ ብለሽ ጻፊ» ይለኛል። ግንበኞቹ «ስንዝሬው» ነው የሚሉት። ሲሉት ደስ ይለዋል።

ኔትወርክ ስለሌለ ሪፖርቱን ለቢሮ ሳልልከው መጣሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 7

ትናንት ቋሚው ላይ ሲለካ ያነሳሁትን ፎቶ ሳየው የአባባ እጅ በጣም ትልቅ ሆነብኝ። የእማዬን የልብስ ስፌት ሜትር አወጣሁ። የኔ ስንዝር አሥራ ስምንት። አባባን «እጅህን ልለካህ» አልኩት። «ጓንት ልትሠሪልኝ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሃያ ሦስት ተኩል።

ሃያ ብለን የጻፍነው ሁሉ ሃያ አይደለም ማለት ነው። ኮንክሪቱ ነገ ጠዋት ነው የሚሞላው። ከተሞላ ብረቱን ማንም አያየውም፤ ስህተቱ ውስጥ ይቀራል። ብነግረው ደግሞ የኖረበትን እጁን ማሳፈር ነው። ከእራት በፊት ነገርኩት። እጁን የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጦ አየው። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው።

«ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንወጣለን» አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 8

ስንደርስ ሚክሰሩ ይዞራል። የግንበኞቹ አለቃ አያሌው «ስንዝሬው፣ ምን ረስተህ ተመለስክ?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

አባባ «እጄን አምኜ ተሳስቻለሁ» አለ። «ያወቀችው ልጄ ናት። ሜትሩን የምታነበውም እሷ ናት።» የሜትሩን ጫፍ ሰጠኝ።

ያን ያህል ወንድ መካከል ተናግሬ አላውቅም። «ሃያ አራት» አልኩ።
«አልሰማንም» አለ አያሌው።
«ሃያ አራት።»

ሦስተኛው ቋሚ ጋ ስንደርስ መፍራቴን ረስቼው ነበር። አያሌው «ለአራት ሳንቲ ብለን ሥራ ልናቆም ነው?» ብሎ ሲያጉረመርም እትዬ ዘነቡ ከጃንጥላቸው ሥር «ማሽኑን አጥፋው» አሉት። «እዚህ ቤት ልጆቼን ይዤ የምተኛው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።» አያሌው ማሽኑን አጠፋ። ከዚያ ለሠራተኞቹ በአዊኛ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ስታፋና ማሰሪያ ሽቦ ይዘው መጡ።

አባባ ሲሳሳት እንደዛሬ ኮርቼበት አላውቅም።

ዓርብ፣ ሰኔ 9

እንደገና ለካን። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ። ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ኔትወርክ መጣና ላክሁት። «ተልኳል» አለ። አያሌው ከመወጣጫው ላይ ሆኖ «ሜትሪት፣ ደህና ዋይ» አለኝ። ፊቴን በታብሌቱ ሸፈንኩ፣ ግን ሳቅሁ።

አባባ ለቢሮ ኃላፊው ሁሉንም ራሱ ነገራቸው። ድሮ በስንዝር ያሳለፋቸውን ቤቶች ዘርዝረህ አምጣ አሉት። ዝናብ ያልበላቸውን ደብተሮች ዘርግቶ እያገላበጠ ነው፤ ዳንግላ ሲሠራ የያዛቸውም አሉበት። የተሞላ ኮንክሪት ውስጡ እንዴት እንደሚታይ ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ።

ቆይቶ «ያንቺ ስንዝር ስንት ነበር?» አለ።
«አሥራ ስምንት።»
«ያንቺን ማመን ነበረብኝ» አለና የቤቶቹን ስም እንድጽፍለት ታብሌቱን ወደ እኔ ገፋው።