30031 ለስንት ይካፈላል?

ኅዳር 8
ፈተና አረምኩ። ግማሾቹ ማካፈል እንኳ አይችሉም… ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። አባዬ ያው ነው። ስትሮክ ከመታው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ አንደበቱም አልተፈታ። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው! ሐኪሟ "አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ብትለው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

እህቴ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። "አእምሮው የለም። መጦሪያ ይግባ እንጂ… እኔም አንቺም ሥራ ውለን ማን ይይዘዋል?"

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ኅዳር 9
ልጅ ሳለሁ የአውቶቡስ ታርጋ ባየ ቁጥር "በይ እስቲ፣ ይሄ ለስንት ይካፈላል?" ይለኝ ነበር። ዛሬ አልጋው ግርጌ የካርዱን ቁጥር አየሁ። 30031። ደስ አለኝ! 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ሲባዙ 30030 ነው። አንድ ሲጨመር ለአንዳቸውም አይካፈልም።

"አባዬ፣ 30031 ብቸኛ ቁጥር እኮ ነው! ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም።"

ፊቱን አኮሳተረ። ግራ እጁን አነሳ፤ አምስት ጣት። አረፍ አለና እንደገና አምስት፣ ወዲያው አራት። ሦስቴ ደጋገመው። ውጪልኝ የሚለኝ መሰለኝ… ልቤ ስብር አለ።

ኅዳር 11
የመጦሪያውን ወረቀት ፈረምን። እህቴ አልጋው አጠገብ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፤ "ራሱን አያውቅም" ይላል። ከነገ ወዲያ ይወስዱታል። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ።

ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ኅዳር 12
እረፍት ሰዓት ላይ ለፊዚክስ አስተማሪው ስለ ቁጥሩ ጉራዬን ነዛሁ። "እስከ ስንት ሞከርሽው?" አለኝ። እስከ 13፣ አልኩት። ሳቀብኝ። "ከ13 በላይ ቁጥር አለቀ እንዴ?"

ተናድጄ ወረቀት አወጣሁ። በ17 ተረፈ። በ19 ተረፈ… በ53ም ተረፈ። 59 ላይ ምንም አልተረፈም።

አምስት። ከዛ አምስትና አራት፣ ዘጠኝ። ሃምሳ ዘጠኝ!

ወይኔ አባቴ! እየነገረኝ ነበር። እኔ ደንቆሮዋ ሦስቴ ነግሮኝ አልሰማሁም።

ኅዳር 13
በጠዋት እህቴን ይዣት ሄድኩ። "አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። ለ59 ይካፈላል" አልኩት። ስንት ጊዜ እንደሚደርስ አልነገርኩትም። ጣቶቹን አየሁ።

ግራ እጁ ተነሳ። አምስት። ጭብጥ። አምስት፣ አራት።

"ምን እያለ ነው?" አለች እህቴ።

"አምስት መቶ ዘጠኝ። በ59 አባዢው፣ 30031 ነው።"

ስልኳ ላይ አባዛችው። ተቀመጠች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀደደችው፤ ወደ ቤት እንወስደዋለን፣ ጠዋት እሷ ከሰዓት እኔ።

አባዬ ቁርጥራጩን ያያል፣ እንባው ይወርዳል። ለካ ከትናንት ወዲያ ስናነበው ሁሉንም ሰምቷል… አንድም ሳይቀር። ምን ብዬ ነው ይቅር በለኝ የምለው?