ላም አዳቃይ ያስባልከኝ መስሎኝ

ለምወድህ አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ረመዳን ገባ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ እንደ ድሮው አይታዘዛትም። የጓሮ ማንጎዎችህ ዘንድሮ አፍርተዋል። በላስቲክ ጠፍረህ ያዳቀልከው ያ ጠማማው፣ አይጸድቅም ብዬ የሳቅኩበት፣ ከሁሉም በልጦ ይዟል።

የምጽፍልህ ግን ለማንጎ ብዬ አይደለም። አፍሬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «ማዳቀል ነው» ብዬህ ያለፍኩት ትዝ ይልሃል? ስትጨቀጭቀኝ ደግሞ፣ ከጨፋ ከላክህልኝ ማሽላ ስታርች እንደማወጣ፣ በስታርቹ ረጅም ሰንሰለት ላይ የሌላ ነገር ቅርንጫፍ እየቀጠልኩ በዓይን የማይታይ መድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣት እንደምሠራ በጥድፊያ ነገርኩህ። እንዳልገባህ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሳምንት በኋላ አንድ የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴ ደወለልኝ። ቁጥሬን የሰጠኸው አንተ ነህ። ላብራቶሪ ነበርኩ፤ እጄ ላይ ጓንት ስለነበር ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ አነሳሁት። ላሙን ከፈረንጅ ኮርማ ጋር መቼ እንደማዳቅልለት ጠየቀኝ። ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። ወዲያው ደወልኩልህና «አባዬ፣ የማታውቀውን አታውራ» አልኩህ። አልተቆጣህም። እንደ ልማድህ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለህ ተሰናበትከኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ይቅርታ ሳልልህም ሄድክ።

ባለፈው ወር እማዬ እውነቱን ነገረችኝ። ለነጋዴው ስለ ላም ትንፍሽ አላልክም ነበር። ያልከው፣ «ልጄ እንደኔ ማንጎ እንደማዳቀል ነው የምትሠራው፤ ግንዱ ማሽላ ነው፣ ቅርንጫፉ መድኃኒቱን ተሸክሞ እሚያመው ቦታ ሲደርስ ያወርዳል» ነበር። ላሟን የጨመራት እሱ ነው፤ ሰንበቴ ገበያ ማዳቀል ሲባል ከብት ነዋ። ክኒን ሆድህን ሲያቃጥልህ የኖርክ ሰው፣ የሥራዬ ጥቅም ከኔ ቀድሞ ገብቶህ ኖሯል።

የባሰውን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ሥራዬን መምህራን ፊት ሳቀርብ ያንኑ ያንተን አባባል ቃል በቃል ተናገርኩት። አማካሪዬ በጣም ወደደው፤ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። «አንብቤ ነው» አልኩ። እንዲህ የሚል መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም፣ አባዬ። ማንጎ ከሚያዳቅል ገበሬ ሰማሁት ለማለት አፈርኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

ለነጋዴው ደውዬ አባቴ በትክክል ነግሮህ ነበር አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያም አላህ ይዘንለት አለ። ሰኞ ደግሞ አማካሪዬ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ውሸቴን ራሴ እነግረዋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስምህን ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም «ማንጎ አዳቃይ» ብዬ።

አልረሳህም። ከእንግዲህ ሥራሽ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ፣ በአንተ አፍ ነው የምመልስለት፤ የማን አፍ እንደሆነም እነግረዋለሁ።

አላህ ቀብርህን ያብራልህ።

የማታውቀውን አታውራ ያለችህ ልጅህ፣
ዘሐራ