ቁልቁለት ለማያውቁት የፍሬን መርማሪ

ወንድም ጋሼ ኪርቴሽ፣ ዛሬ ትንሽ ታገሠኝ። ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተደግፈህ «ይቺ ደግሞ ምን ማለት ናት? ሰው የሚገባውን ጻፍ እንጂ!» ማለት እንደምትወድ አውቃለሁ። አሁን የምጽፈው ግን ለትልቅ ሰው ነውና በጨዋ ቋንቋ መሆን አለበት። እኚህ ሰው አንተ የምታውቀውን ስለማያውቁ፣ ከፔዳሉ ጀምሬ ላስረዳቸው ነው። ከተሳሳትኩ እንደ ልማድህ በመፍቻው ጫፍ ጎኔን ጎሰም አድርገኝ።

ለክቡር አቶ ዲፕ ናንዳን
የናሳሩ ተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ወገብዎ ደህና ነው ወይ? መኪና ሥር ጎንበስ ብለው ሲያዩ አንድም ቀን አጋጥሞኝ ስለማያውቅ፣ የወገብዎ ነገር ከልብ ያሳስበኛል። የበረንዳዎ ጥላ አይጉደል፣ የካቫ መጠጥ ሳህንዎም አይድረቅ እያልኩ ምኞቴን እገልጻለሁ።

እኔ ኮረብታው ላይ ካለው የአገዳ ሰፈር የምጽፍልዎ ሮኒል ሙዳሊያር የተባልኩ ተማሪ ነኝ። የአቶ ሙኔሽዋርን የአገዳ መኪና ይነዳ የነበረውና ባለፈው ወር ኩርባው ላይ የሞተው የኪርቴሽ ታናሽ ወንድም ነኝ። ስለ አሟሟቱ የጻፉትን ሪፖርት አንብቤዋለሁ። «አሽከርካሪው ከመጠን በላይ ፈጥኗል» ይላል። አጭርና ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ የቋንቋ መምህራችን ቢያዩት ሙሉ ነጥብ ይሰጡዎት ነበር። ይሁን እንጂ በሥራ ብዛት ምክንያት ሳያጠኗቸው የቀሩ ጥቂት የመኪና ክፍሎች ያሉ ስለመሰለኝ፣ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ለማስረዳት እደፍራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍሬን። ፔዳል የሚባለው በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ብረት ነው። ሲረገጥ ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደየጎማው ይደርሳል፤ እዚያም ሸራ የለበሱትን ሁለት ጎባጣ ብረቶች ገፍቶ ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ያጣብቃቸዋል። ሸራው ታምቡሩን ሲያንቀው ጎማው ይቆማል። ወንድሜ ይህን ያስተማረኝ ሮቲ ቂጣ እያኘከ ነበር። «ዘይት አይጨመቅም፤ እንደ እናታችን ችክ ያለ ነው። እግርህ ያዘዘውን ሳይቀንስ ጎማው ጋ ያደርሳል» ብሎኝ ነበር። እናታችን ከማጀት ሆና «ምን አልክ አንተ?» ስትለው «ስለ ፍሬን ነው እማዬ!» አላት።

ሁለተኛ፣ ስለታጠፈ ቱቦ። በቆረጣ ወቅት የአንዱ ጎማ ፍሬን ዘይት ማፍሰስ ቢጀምር በእኛ ሰፈር መኪና አይቆምም። የስኳር ፋብሪካው ወረፋ ያልፋል፤ የተቆረጠ አገዳም ሜዳ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ወደዚያ ጎማ የሚሄደው ቱቦ ይታጠፋል፣ በመዶሻ ይደፈጠጣል፣ ዘይት ይሞላል፣ ከዚያ ጉዞ ነው። የቀሩት ጎማዎች የሞተውን ጎማ ሥራ ደርበው ይሠራሉ። እርስዎ ዘንድ የመቅረቢያው ቀን ሲደርስ ደግሞ ደህና ቱቦና ደህና ጎማ ከጎረቤት ይዋሳል፤ መኪናዋ ካለፈች በኋላ ተፈትቶ ለሚቀጥለው ባለመኪና ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ዙር ጎማ ተራ በተራ ሲያልፍ ኖሯል። እርስዎም አንድ ጊዜ «እነዚህን ጎማዎች የት ነው የማውቃቸው?» ብለው ሰላምታ ሰጥተዋቸዋል። ስለ ትሕትናዎ ጎማዎቹን ወክዬ አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ግን ዘንድሮ መዋስ አልፈለገም። አቶ ሙኔሽዋርን አዲስ ቱቦና አዲስ ሸራ እንዲገዙለት ሲጠይቃቸው «ጣቢያው ትቁም ካለ እገዛለሁ፤ ካላለ አንተን ምን አስጨነቀህ?» ስላሉት፣ መኪናዋን እንደታመመች ይዞልዎት መጣ። እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። በረንዳው ሥር ቆሞ «ጌታዬ፣ እባክዎ መኪናዋን ከምርመራው ይጣሉልኝ። የኋላው ቱቦ ታጥፏል። ዝቅ ብለው ይዩት» ሲልዎት በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎም የካቫ ሳህኑን ሳያስቀምጡ «አንተ ልጅ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ አሳልፈኝ ብሎ ነው የሚለምነኝ፤ አንተ ልጣልህ? በል ከማንጎው ዛፍ ተነስተህ እዚህ ጋ ቁም» አሉት። ነዳ፣ ቆመ። ባዶ መኪና ጠፍጣፋ ግቢ ላይ በጫማም ይቆማል።

«ቆመች አይደል?» አሉት።

«ግቢው ጠፍጣፋ ነዋ ጌታዬ!»

«እንግዲህ ግቢዬን ላጋድልልህ?»

በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ከእርስዎ ያገኘነው አገልግሎት ቀልዱ ብቻ ነበርና፣ ስለ ቀልዱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወንድሜ የማለፊያውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቁልቁለት። ቁልቁለት ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ከግቢዎ ውጭ ያለው መሬት ነው። እዚያ ሙሉ አገዳ የጫነች መኪና ከኋላዋ ኮረብታው ራሱ የሚገፋት ያህል ትከብዳለች። የቀሩት ሸራዎች ብቻቸውን ሲታገሉ ታምቡሩ ይግላል፤ ግለቱ ወደ ዘይቱ ይሄዳል፤ ዘይቱ ይፈላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ፣ ገንፎ የረገጡ ያህል ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ወንድሜ ከባዱን ማርሽ ሊያስገባ ሞክሯል፤ ማርሹ ሲጮህ እቤታችን ድረስ ተሰምቷል። የእጅ ፍሬኑን ስቧል፤ ገመዱ ተበጥሶ በእጁ ቀርቷል። ኩርባው ላይ መንገድ ዳር ምሳ የሚበሉ ቆራጮች ነበሩ። መሪውን ከእነሱ አዙሮ ከዓለቱ ጋር አላተማት።

አንድ ቃል ላክል፦ ጭነት። ጭነት፣ መኪናዋ ስትቆም፣ አብሯት አይቆምም። አገዳው የጋቢናውን የኋላ ብረት ሰብሮ፣ መስታወቱን ፈጭቶ፣ በወንበሩ በኩል ገባ። ሮጬ ስደርስ ጎረቤታችን ጋሽ ኢሊያሳ ጠዋት አገዳ በቆረጡበት ቆንጨራ ከወንድሜ ላይ አገዳ እየቆረጡ ይጎትቱ ነበር። «ጭንቅላቱን ያዝልኝ ልጄ፣ እንዳይወድቅ ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩት። አንዱ አገዳ ከትከሻው ሥር ገብቶ በደረቱ ወጥቷል። ፊቱ ደምና የአገዳ ጭማቂ ስለነበረ ንቦች ወረሩት፤ እኔ በሁለት እጄ ጭንቅላቱን ስለያዝኩ ላባርራቸው አልቻልኩም። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነበር። ጋሽ ኢሊያሳ ሁለቴ ጎትተው አልላቀቅ ሲላቸው «ልቀቀው በቃ፣ ቆማለች እኮ፣ ልቀቀው» እያሉ አለቀሱ። ሪፖርትዎ «ፈጥኗል» የሚለው ስለዚህ እግር ነው።

አራተኛና የመጨረሻው። የአቶ ሙኔሽዋር ሰዎች የተጨፈለቀውን ጋቢና በሰንሰለት ጎትተው አቀኑት፣ ደሙን በውኃ አጠቡት፣ መኪናዋንም ግቢዎ ድረስ ጎትተው አመጡልዎ። ከማንጎው ዛፍ እስከ በረንዳው ነዷት፤ ቆመች፤ እርስዎም አሳለፏት። የታጠፈው ቱቦ እንደታጠፈ ነው፤ እኔ ተኝቼ አይቼዋለሁ። አቶ ሙኔሽዋርም የሐዘን ጸሎታችን ቀናት ሳያልቁ መኪናዋን ደጃችን አቁመው ቁልፉን በእጄ አስያዙኝ። «ወቅቱ ገና ነው። ትምህርት የትም አይሄድም። ወንበሩ የወንድምህ ነበር፣ ከሰኞ ጀምሮ ያንተ ነው» አሉኝ። ስለዚህ በዚያች መኪና ከኮረብታው እንድወርድ በፊርማዎ የፈቀዱልኝ ሰው እርስዎ ስለሆኑ፣ ለወጣቶች ስለሚከፍቱት የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ።

ልመናዬ ከወንድሜ ልመና አይለይም፦ ይጣሏት። አንድ ጊዜ ብቻ ዝቅ ብለው ይዩና ይጣሏት። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን በደህና ብዕር እንደገና ይጻፉት።

ወገብዎ እንዲጠና፣ ወንበርዎም ለዘላለም ጠፍጣፋ መሬት ላይ እንዲቆም እየለመንኩ፣ ሁለት ጊዜ ያሳለፉትን መኪና አንድ ጊዜ ዝቅ ብዬ ያየሁ፣ እጅ የምነሳዎ

ሮኒል ሙዳሊያር

ተጨማሪ፦ ከላይ ያለውን ከሰኞ በፊት ጽፌ ሳልልከው ቆይቼ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወንበርዎ ላይ ጆንያ ሲያገኙ «ማነው ይህን ቆሻሻ እዚህ የጣለው?» ብለው መጮኽዎን ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ። ጸሎቱ አብቅቶ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ እናቴንም እህቷ ይዛት ሄዳ፣ ያ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ሻይ ለሁለት ሰው አፈላሁና ሁለቱንም ጠጣሁ። ከዚያ የወንድሜን መዶሻ ይዤ ወጣሁና የመኪናዋን በር የመዶሻው እጀታ እስኪሰነጠቅ ድረስ ደበደብኩት፤ በረንዳዎን እያሰብኩ ስለነበር በሩን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሲደክመኝ ሥሯ ገብቼ ተኛሁና እሱ እንዳስተማረኝ አንድ በአንድ ፈታሁ፦ ፔዳሉን፣ ፖምፓውን፣ የታጠፈውን ቱቦ፣ ብረት ብቻ የቀረውን ሸራ። ታምቡሩ ከበደኝና ተውኩት። ከላይ ያስረዳሁዎት ነገር ሁሉ ጆንያው ውስጥ ስላለ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ መመርመር ይችላሉ። የመኪናዋን ቁልፍም ከላይ አስቀምጬልዎታለሁ፤ መውረድ ካለባት እርስዎ ያውርዷት።

ከዚያ፣ ወንድሜ ወደ ፋብሪካው ሲሄድ በመኪናዋ ያደርሰኝ ወደነበረው ትምህርት ቤት በእግሬ ሄድኩ። ኩርባው ጋ ስደርስ ቀስ አልኩ፤ ፈጥኗል ብለው እንዳይጽፉብኝ።