የመጸዳጃ ቤታችንን መብራት ከሩቅ ለሚያስተዳድሩልን ሰው

ለክቡር የስማርት ቤት አገልግሎት ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ያ ባሕር ማዶ የሚኖረው ሰርቨርዎ ደኅና ናችሁ? የእርሱ ጤና ሲታወክ የእኛ ቤት እንደሚጨልም ባለፈው ሳምንት ስለተማርን፣ ከራሳችን አስቀድመን ለእርሱ መጸለይ ጀምረናል። ውለታዎን እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ።

፩. ባለሙያዎችዎ ማብሪያ ማጥፊያ ጊዜው ያለፈበት ነገር መሆኑን ስላስረዱኝ፣ በቤቴ ያሉትን ሁሉ አስነቅዬ ቀዳዳቸውን በጂፕሰም አስደፈንኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «መብራት!» ስል ቦግ እያለልኝ ደረቴን ነፍቻለሁ፤ ስለ ኩራቴ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ሰርቨርዎ የታመመ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ እኔ ከሥራ ሳልመለስ፣ አብራኝ የምትኖረው እናቴ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆማ እንደ ልማዷ «ልጄ፣ እባክህ አብራልኝ» ብላ መብራቱን ለመነችው። እርሱም እርስዎን ሊያስፈቅድ ሄዶ በዚያው ቀረ። አንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ሴት ናትና መግባት ፈራች፤ ግድግዳውን ብትዳብስም ያገኘችው የእኔን ጂፕሰም ነው። ስገባ መብራቱ ተመልሷል፤ ቀሚሷ ግን ታጥቦ ገመድ ላይ ይንጠባጠባል። «ውኃ ደፋሁበት» አለችኝ፤ ዓይኔን ግን ማየት አልቻለችም።

ክቡርነትዎ፣ ያፈርኩት በእርስዎ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ያፈርኩት በራሴ ነው። ወልዳ ያሳደገችኝ እናት፣ በገዛ ልጇ ቤት፣ ሽንት ቤት ለመግባት የማታውቀውን ሰው ደጅ እንድትጠና ያደረግኳት እኔ ነኝ።

፫. ለአቤቱታዬ «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» የሚል ፈጣን ምላሽ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ስልኬ ደኅና ነው።

አሁን አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ድምፅ ሰምቶ መብራቱን ያለ ኢንተርኔት የሚያበራ፣ የቤቱን ትእዛዝና ምስጢር እዚያው ቤት ውስጥ የሚያስቀር ትንሽ ሳጥን ልግጠምልህ ይለኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ላስገጥም አላስገጥም ስል ሰነበትኩ። እናቴን ባማክራት «ይሄኛውስ ማንን ነው የሚያስፈቅደው?» አለችኝ። «አንቺን» ብዬ ቃል ገባሁላት። እርሷ ግን ቃሌን ትታ ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና «እዚህ ጋ፣ እጄ የሚደርስበት፣ የድሮውን መልስልኝ» አለች። ሳጥኑ ይገጠማል፤ ከዚያ በፊት ግን ጂፕሰሙን በገዛ እጄ እፈነቅላለሁ።

ከማይከፈል ውለታና ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ብርሃኑንም ጨለማውንም ከእንግዲህ እቤቱ ለመጨረስ የቆረጠ
የቀድሞ ደንበኛዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰርቨርዎ በታመመ ማግስት የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። «ትናንት ምሽት የመጸዳጃ ቤትዎን መብራት ባለማብራት ኃይል ቆጥበዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል። ለእናቴ አላነበብኩላትም።