የጠርሙስ አጣቢዋ ኩባያ

ጥቅምት 8፣ ሰኞ
ዛሬም ሳል። አክታው አረንጓዴ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው። ምራቴ ሾርባ አመጣች… ቀዝቅዟል። ወይስ እኔ ነኝ ያቆየሁት? ለማንኛውም አልጠጣሁላትም።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ
ልጄ ሥራ ስላለው ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ምራቴ ናት። ሁለተኛ ፎቅ እስክደርስ አራት ጊዜ ቆምኩ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን ታክላለች። ሁለት ዙር መድኃኒት ጨርሼ ለምን አልተሻለኝም ብዬ ጮኽኩባት። አልተቆጣችም። ወረቀት ላይ ጭራ ያላት ነጥብ ሳለችልኝ።

«ባክቴሪያዋ ሳንባ የምትገባው በጭራዋ እየዋኘች ነው፣ እማማ። ቦታው ሲመቻት ውስጧ እዚሁ ቅሪ የምትላት አንዲት ኬሚካል ትበዛለች። ያኔ መዋኘቷን ትታ ከጓደኞቿ ጋር ትጣበቃለች፣ ልጋግ ትለብሳለች። መድኃኒቱ ልጋጉን አልፎ አይደርስባትም።»

«ታዲያ መጀመሪያ በብሩሽ ነዋ!» አልኳት።

ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር። ለስላሳ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ጠርሙስ አጥቤያለሁ። ልጋግ የያዘ ጠርሙስ ሳሙና ውስጥ ቢከርም አይለቅም። አለቃዬ ፊደል አታውቅም ብሎ ይንቀኝ ነበር… ይህን ግን ከኔ ነው የተማረው።

«የሳንባ ብሩሽ የለንም እንጂ ነገሩስ እሱው ነው» አለች። የጨው ውሃ በማሽን እንደ እንፋሎት መሳብ። ከዚያ ልጋጉ እንዲላቀቅ ጀርባዬን በመዳፍ መመታት። ከዚያ መድኃኒቱ። በየቀኑ፣ ስድስት ሳምንት። ካልሆነ የታመመውን የሳንባዬን ክፍል ቆርጦ ማውጣት…

«ማን ይመታዎታል?» ስትል ምራቴ እጇን አወጣች። እንዴት ፈጠነች!

ጥቅምት 12፣ ዓርብ
ጠዋት ምራቴ ወንበር በረንዳ አውጥታ አስቀመጠችኝ። ተመታሁ። የዘጠኝ ዓመት ቂሟን ጀርባዬ ላይ ትወጣዋለች ብዬ ነበር።
«አመመዎት፣ እትዬ?»
«ደስ ይበልሽ ብቻ።»
እጇ ግን ቀላል ነው። ፈርታኝ ይሆን?

ጥቅምት 26፣ ዓርብ
አሁንም አረንጓዴ። ትኩሳትም ጨመረ። በዚህ ዕድሜዬ ደረቴን ሊከፍቱት?

ጥቅምት 28፣ እሑድ
እፍረት።
የጨው ውሃው የሚጨመርበትን የማሽኑን ኩባያ ማንም እንዲነካብኝ አልወድም። ራሴ ውሃ አስነክቼ እርጥቡን እከድነዋለሁ። ዛሬ ምራቴ ከፈተችው። ጣቷን ውስጡ አዙራ አወጣችና ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። እኔም ጣቴን ከተትኩ። ያሟልጫል። ሠላሳ ዓመት ጠርሙስ ያጠብኩ ሴት! ልጋጉን እያራባሁ መልሼ ስስበው ከርሜያለሁ።

ልጄ ከሳሎን «ምን ተፈጠረ?» አለ።
«ምንም። ኩባያ እያጠብን ነው» አለችው።

ለምን አልተናገረችብኝም? እኔ ብሆን ጎረቤት እሰበስብ ነበር።
እኔ በብሩሽ ፈተግኩ፣ እሷ ቀቀለች። ንጹሕ ፎጣ ላይ ደፍተን አደረቅነው።

ጥቅምት 29፣ ሰኞ
«ጠንከር አድርጊ እንጂ! አቧራ ነው የምታራግፊው?»
«ኋላ ለልጅዎ ደበደበችኝ ሊሉ!»
ሳቅን። ሳቄ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ብዙ አክታ ይዞ ወጣ። ይውጣ!

ኅዳር 10፣ ዓርብ
ነጣ። ቆይ፣ ገና አልጨፍርም… ግን ነጣ።

ኅዳር 23፣ ሐሙስ
ብቻዬን ሄድኩ። ደረጃው ላይ የቆምኩት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም የጫማዬ ክር ተፈትቶ። ሐኪሟ የአክታውን ውጤት ላንብብልዎ ስትል ወረቀቱን ነጠቅኳት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል… «ባክቴሪያ አልተገኘም» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ለዚህች ቃል ኖሯል።

«ቀዶ ጥገናው ቀርቷል፣ እማማ። ጀርባዎን መመታቱም ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል።»

ቤት ገብቼ ውጤቱን ለምራቴ አነበብኩላት። አቀፈችኝ። እኔም… እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ።
የሁለት ቀኑን ነገር አልነገርኳትም። ነገ ጠዋት ወንበሩን ራሴ አወጣለሁ።