ሦስተኛው ሰሚ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለእሳቷ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። አንቺ ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ወዲህ ግን ቤቱ ጭር ብሏል፤ የሚከራከረኝ ሰው የለም።

የምጽፍልሽ ስለዚያ ጥናት ነው። ስሙን መስማት እንደማትፈልጊ አውቃለሁ፤ እስቲ ታገሺኝ። የዚያን የከንቲባነት እጩ የምርጫ ንግግሮች አንቺና መነጽራሙ ተማሪዬ ለየብቻ እያዳመጣችሁ፣ ዘርን የሚነካ ነገር “አለበት” ወይም “የለበትም” ትሉ ነበር። ካልተስማማችሁ የሚወስነው ሦስተኛ ሰሚ ነው፤ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ሰውየው “እነዚያ የወንዝ ማዶ ሰዎች” ባለ ቁጥር አንቺ “አለበት” ትያለሽ፤ እሱ ደግሞ “ሰፈር መጥራት ምን ዘር አለው?” ይላል። ወንዝ ማዶ የሚኖሩት ጥቁሮች መሆናቸውን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። እናትሽም ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስሰማው ሽምቅቅ ብያለሁ። ከዚያ “የለበትም” አልኩ። ለገዛ ልጁ አዳላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። አንቺም ማዳመጫሽን ጠረጴዛው ላይ ወርውረሽ ወጣሽ፤ ወጥተሽም አገር ቀየርሽ።

ጥናቱ ታተመ። ባለፈው እሑድ ያው ሰውዬ ከአዳራሽ በሬዲዮ በተላለፈ ንግግሩ፣ “ምሁራኑ ራሳቸው ንግግሬን መርምረው ዘር የሚባል ነገር የለበትም ብለዋል። እነዚያ የወንዝ ማዶ ሰዎች እንግዲህ ምን ይሉ ይሆን?” አለ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እናትሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ፣ “ምሁራኑ እነማን ናቸው?” ብላ ጠየቀችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋውን አንስታ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ዛሬ ጥናቱ እንዲሰረዝ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ባልደረቦቼ “አብደሃል እንዴ? በገዛ እጅህ ስምህን ልታጠፋ?” ብለውኛል። ምክንያቱን “የአሠራር ስህተት” ብዬ ልልክ ስል እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ታነበው ኖሯል።

“አሠራር የሚባለው አንተ ነህ?” አለችኝ።

ልስቅ ቃጣኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አጠፋሁትና “ልጄ የሰማችውን እኔም ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ ፈረምኩ” ብዬ ጻፍኩ። ላክሁትም።

ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም። ካለሽበት እግዜር ይጠብቅሽ፤ ስትናገሪ የሚያምንሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ