ቼሪው እስኪመር

መስከረም 9፣ 2004
ዓሣው ዛሬ ቶሎ አለቀ። ከጫሞ የመጣው ትንሽ ነበር። ሱቁን ዘግቼ እጄን በሎሚ ስታጠብ እህቴ ሉሊት ልጇን አዝላ መጣች። ከአዲሱ ወዳጇ ከሸዋንዳኝ ጋር ናዝሬት ልትኖር ነው። "ወርቄዬ፣ መቅዲን ሁለት ሳምንት ብቻ ያዥልኝ። ቤት እስክናስተካክል።"
ልጅ እንዳለሽ ያውቃል? አልኳት። አንቀልባውን ፈታ ልጅቷን አቀበለችኝ።

መስከረም 13
መቅዲ አትተኛም። ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምን ብዬ ላስረዳት? አንገቴን ታሸትና ትገፋኛለች። ዓሣ ዓሣ እላለሁ መሰለኝ።

መስከረም 15
የሉሊትን ሽቶ መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። ያቺ ቀይ ጠርሙስ፣ የሞያሌ ዕቃ። ሸዋንዳኝ ሽታውን አይወደውም ብላኝ ነበር። እሱ የማይወደውን ሁሉ እኔ ጋ ጥላ ሄደች ማለት ነው!
ቼሪ ነው ይላሉ። እኔ ቼሪ የማውቀው ኬክ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። አንገቴ ላይ ረጨሁት። ከረሜላ! የልጆች የሳል ሽሮፕ! መቅዲ ሮጣ መጥታ ተለጠፈችብኝ። "ማሚ" አለች... ተኛች። እኔ አለቀስኩ።

መስከረም 16
ደስታዬ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሽቶው እኔ ላይ ይመራል። ጣፋጩ ይሄድና የኮክ ፍሬ ሰብረው ውስጡን ሲያሸቱት ያለው ነገር ይመጣል። ቆይቶ ደግሞ ደረቅ እንጨት ይሆናል። መቅዲ ነቅታ አሸተተችኝና ጩኸቷን ለቀቀችው።
ሉሊት ላይ እኮ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ነበር። ቆዳም ያዳላል?

መስከረም 18
ኤርጫፎ ዓሣ ሊያወርድ መጥቶ ሳቀብኝ። "ምነው ወርቄ፣ ሠርግ አለ እንዴ ዛሬ?" አዎ አለ አልኩት፣ የእህቴ።

መስከረም 21፣ እሑድ
ጥፋቱ የዓሣው ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ዓሣ አልነካሁም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገላዬን ታጥቤ ተቀባሁ። ያው መረረ። የራሴው ቆዳ ነው።

ጥቅምት 30
ሁለት ሳምንት አላለችም? ስልኳ አይሠራም።

ሚያዝያ 3
መቅዲ አዲስ ጠባይ አምጥታለች። ሽቶውን ስቀባ አትጠጋኝም። ቆማ ትጠብቃለች። "መረረ?" ትለኛለች። መረረ ስላት መጥታ አንገቴ ሥር ትገባለች።
የኔን መረጠች። ክፉ ደስታ ነው... ይሁን። ከእንግዲህ ለበዓል ብቻ ነው የምቀባው፣ ቶሎ እንዳያልቅ።

ሰኔ 18፣ 2007
ሉሊት መጣች። አራት ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው! ሸዋንዳኝ ትቷታል። "ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። እግዜር ይስጥልኝ ወርቄዬ።" ሳፋ ያዋሰችኝ ነው የሚመስለው። ምን ልበል? እናቷ ናት። ኤርጫፎን እንኳ ባማክረው "ወላጅ ናት፣ ምን ይደረጋል" አለኝ አንገቱን ደፍቶ።
ጠርሙሷን አየቻት። "ውይ፣ መቅዲዬ ይኼን ስትወደው!" ብላ አንገቷ ላይ ረጨችው። መቅዲ ራቅ ብላ ቁጭ አለች።
"ነይ እንጂ።"
"እስኪመር እጠብቃለሁ።"
ከሰዓት በኋላ ሄዳ አሸተተቻት። ተመለሰች። ማታም ሄደች። ከዚያ ወደኔ መጥታ "ወርቄ፣ እሷ ላይ አይመርም" አለችኝ። ሉሊት ሰማች። እሰይ አልኩ በሆዴ። ፊቷን ሳይ ግን አፈርኩ።

ሰኔ 20
ነገ ይሄዳሉ። የቀረችውን ጠብታ አንገቴ ላይ ጨረስኳት። እስኪመር ጠበቅኩና የመቅዲን የመንገድ ሹራብ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። በዚህ ሙቀት! ያየኝ አብዳለች ይላል።

ሰኔ 29
ሉሊት ደወለች። ዛሬ ስልኳ ይሠራል።
"ሹራቤን አላሳጥብም ብላ አስቸገረችኝ። አቅፋው ነው የምትተኛው። ምን ቀብተሽበት ነው?"
"ያንቺኑ ሽቶ።"
"የኔ እንዲህ አይሸትም።"
አይሸትም፣ አልኳት።
"እንግዲህ ነገ አጥበዋለሁ፣ ቆሽሿል።"
አትጠቢው ብዬ ለመንኳት። ልጅቷን ስትወስድብኝ እንኳ አልለመንኳትም ነበር።